ለ45ቱ የተጻፈ ደብዳቤ

መጋቢት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮቱ አልዘጋ ያለ ወንበር ላይ፣ አራት ገጽ ደብዳቤ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤው የተጻፈው በሕይወቴ አይቼው ለማላውቅ ሰው ነው። ከኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት አንዱ ነው። እኔ ያኔ የ26 ዓመት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ደብዳቤው አራት ገጽ ይሁን እንጂ የሚለው ነገር አንድ ነው፦ እባክዎ ዐቢይ አሕመድን ይምረጡ።

ይሄን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «እኔም'ኮ» ብላችሁ ፈገግ ትላላችሁ። ሁለቱንም ለጊዜው ያዙልኝ። የምጽፈው ስለ ደብዳቤው ነው፤ ስለ ሰውየው ብዙ ተጽፏል።

ለማታስታውሱ ነገሩ እንዲህ ነበር። የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ተናገሩ። ወንበሩ ባዶ ሊሆን ነው። ግን ቢቸና ላለን ሰዎች ድምፅ የምንሰጥበት ነገር የለም። ምርጫው በ2007 አልቋል፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን 547 ወንበር አንድ ሳያስተርፉ ወስደውታል። ስለዚህ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ «የግንባሩ ሊቀመንበር ማን ይሁን?» ወደሚል ጥያቄ ተቀየረ። ይሄን የሚመልሱት ደግሞ 180 ሰዎች ናቸው፦ ከብአዴን 45፣ ከኦሕዴድ 45፣ ከደኢሕዴን 45፣ ከሕወሓት 45። የሕዝብ ብዛት ምናምን የለም። ሁሉም እኩል 45።

ሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ እጁን አይሰበስብም። ደብተር አወጣሁ። አራቱም ድርጅቶች የየራሳቸውን ሰው ይዘው ቢመጡና ሁሉም ለራሱ ሰው ብቻ ድምፅ ቢሰጥ 45 ለ45 ለ45 ለ45 ይሆናል። ማንም አያሸንፍም። ግማሹን ለማለፍ 91 ያስፈልጋል። ሁለት ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ቢስማሙ እንኳን 90 ነው፤ አንድ ሰው ይጎድላል! ያቺን አንድ ሰው ለብዙ ቀን ሳስባት ነበር። የካቲት 15 ኦሕዴድ ለማ መገርሳን ከሊቀመንበርነት አንስቶ ዐቢይን ሲያስቀምጥ ነገሩ ለማንም ግልጽ ሆነ፤ ለማ የፌዴራሉ ፓርላማ አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም። ኦሕዴድ ሰውየውን አዘጋጅቶ ጨርሷል። የቀረው የእኛዎቹ 45 ምን ያደርጋሉ የሚለው ነው።

«የእኛዎቹ» አልኩ። ማን የእኛ እንዳደረጋቸው እንጃ።

ቤት ውስጥ ጦርነት ነበር። አጎቴ ጤፍ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ስለሆነ ደግሞ ቡና ላይ ሲቀመጥ ሁሉን ነገር በሚዛን ነው የሚያወራው። «የራሳችን ሊቀመንበር እያለ የሰው ሊቀመንበር ማባበል ምን ይሉታል?» አለኝ። የብአዴን ሊቀመንበር ደመቀ መኮንን ነበሩ፤ ያን ጊዜም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። «ደመቀ ምን አጠፋ? ምክትል ሆኖ ኖረ፣ አሁን ተራው ነው።» እኔ ደብተሬን አውጥቼ 45ቱን በ4 እያባዛሁ፣ ለራሳችን ሰው ብቻ ብንቆም ሌሎቹም እንደዚያው ያደርጋሉ፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ገበያ ይወጣል፣ የሚገዛው ደግሞ እኛ የማንፈልገው ሰው ሊሆን ይችላል እያልኩ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ እሱ እንኳን ጨዋ ነው። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ «ፖለቲካ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ አንቺን ሚኒስትር ባደረጉሽ ነበር» አለኝ። እናቴ ሳቀች። ጾም ስለነበር ከቡናው ጋር ያለው ቆሎ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ጾሙ ራሱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ያን ሰሞን በዚህ ያልቀለደ ሰው አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔን የገፋኝ ሒሳቡ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች ጣና ድረስ ወርደው እምቦጭ ሲነቅሉ አይቼ ነበር፤ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፣ ግን ልክ አጠገባቸው የቆምኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ቀጥሎ ለማ ባሕር ዳር መጥተው ከገዱ አንዳርጋቸው ጋር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ፣ ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው አሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በሁለቱም ክልል ስንት ወጣት እንደሞተ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ እንድንፈራራ ስንሰበክ ኖረን ድንገት አንድ ሰው በሩን ሲከፍተው «ግባ» አለማለት አይቻልም። ደብዳቤውን የጻፍኩት በዚያ ስሜት ነው። ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ ብዬ ነበር፤ አላፍርም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ቦታ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ደብዳቤው ለምን ወደ ሞጣ ሄደ? ምክንያቱም ሞጣ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ እናቴን አስተምረዋታል፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ከ45ቱ የአንዱ አብሮ አደግ ናቸው ይባላል። ባለሥልጣን ዘንድ የሚደረሰው እንዲህ ነው፦ የአንዱን አስተማሪ፣ የሌላውን ክርስትና አባት፣ የሦስተኛውን የባለቤቱን ዘመድ እያጠያየቁ። አድራሻ የለም፤ ኢሜይል ብጽፍ ማን ያነበዋል?

መንገዱ በደብረ ወርቅ በኩል ነው የሚያልፈው። ያን ሰሞን አዝመራው ገብቶ አልቋል፣ ማሳው ገለባ ብቻ ነው፣ አቧራው በዚያ በማይዘጋ መስኮት እየገባ ነጠላዬን ቀይ አድርጎታል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወረቀቱን በሁለት እጄ እንደያዝኩ አይተው «ክስ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ልመና ነው» አልኳቸው። «እሱማ ያው ነው» አሉኝና ወደ እንቅልፋቸው ተመለሱ።

መንገድ ላይ የማስበው አያቴን ነበር። አያቴ በ1960 ጎልማሳ ነው፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ እምቢ ያለበት ዓመት። መንግሥት መሬት ሊለካ ነው ሲባል ሰው የሰማው «ርስትህ ሊወሰድ ነው» የሚል ነው። ግምት የሚያወጡ ሰዎች ወደ ቀበሌው እንዳይገቡ ተከለከሉ፣ ጦር መጣ፣ አውሮፕላን ሳይቀር መጣ። መጨረሻው ግን የገበሬው ነበር ማለት ይቻላል፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍሥላሴ ተነሱ፣ ግብሩም ጎጃም ውስጥ እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ገብሩ ታረቀ የተባሉት የታሪክ ምሁር ስለ ገበሬ አመፆች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ጎጃም ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሳገኘው የአያቴን ወሬ በእንግሊዝኛ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

አያቴ ግን ስለ አውሮፕላኑ ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ዛፉ ነው። ሰው የሚሰበሰብበት ዛፍ ነበር፤ ከባለሥልጣን ጋር ለመነጋገር ሽማግሌ ሲላክ እዚያ ነው የሚመረጠው። «መላኩ ቀላል ነው» ይላል፣ «ዋናው ማሰሩ ነው እንጅ። ‹ይህነን ጠይቅ፣ ይህነን እንዳትሰጥ› ተብሎ ይታሰራል። ሲመለስ እዚያችው ዛፍ ሥር ቆሞ ያወራል። ሳያወራ ቤቱ አይገባም።» ጎበዝ አለቃም እንደዚሁ ነው ይለኛል፤ ሰዉ የሾመው ሰዉ ያወርደዋል። አያቴ ስላለፈው ዘመን ሲያወራ ትንሽ እንደሚያሳምር አውቃለሁ፤ ሴት እዚያ ዛፍ ሥር ቆማ ትናገር ነበር ወይ ብዬ ጠይቄው መልስ አልሰጠኝም። ቢሆንም «ሳያወራ ቤቱ አይገባም» የምትለዋ አልወጣ አለችኝ።

ጋሼ ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሽሮ ቀረበ፣ በላን። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አራቱንም ገጽ እኔ ፊት አነበቡት፤ በቀይ እስክሪብቶ ባይሆንም በዚያ ዓይን ነው ያነበቡት። ሲጨርሱ፣

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም።»

«እንግዲያ ይሄ ደብዳቤ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«አራት ገጽ ሙሉ ‹እኛ› ትያለሽ'ኮ። ‹እኛ የቢቸና ሕዝብ›፣ ‹እኛ ወጣቶች›። አጎትሽ በዚህ ተስማምቷል?»

ዝም አልኩ። አጎቴ እንኳን ሊስማማ፣ የደብዳቤውን መኖር አያውቅም። ሞጣ የምሄደው ለለቅሶ ነው ብዬው ነው የወጣሁት። ያፈርኩት እዚህ ጋ ነው። እነዚያን 45 ሰዎች «ማን ወከላችሁ?» እያልኩ ሳማ ከርሜ እኔ ራሴ ማንም ሳይወክለኝ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መጥቻለሁ።

ጋሼ አልጨረሱም። «እሺ፣ መረጠው እንበል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለውጥ ይመጣል።»

«ለውጥ ስንት ኪሎ ነው?»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «አየሽ፣ ይሄ ደብዳቤ ‹እገሌን ምረጥ› ይላል። ሰውየው መርጦልሽ ሲያበቃ ምን እንዲያደርግ አይልም። የመረጠውን ሰው ምን ብሎ እንዲይዘው አይልም። ነገ ቢቆጭሽ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂው? ‹ምረጥ አልሽኝ፣ መረጥኩ› ቢልሽ መልስ የለሽም።» ከዚያ እስክሪብቶ አምጡልኝ አሉ። አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ከስሜ በታች፣ በዚያ በአስተማሪ ቁም ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመሩ፦ ማንንም ቢመርጡ፣ ከመረጡ በኋላ መጥተው ለምን እንደመረጡ ይንገሩን። ሁለቱን «እኛ»ዎችም «እኔ» አስደረጉኝ። የቀሩትን ጊዜ ስላልነበረ ተዉልኝ።

ማታ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ሞጣ ጊዮርጊስ አስቀደስን። እሑዱ ገብር ኄር ነው፤ ጌታው ለባሮቹ መክሊት አደራ ሰጥቶ ሄዶ ቆይቶ ሲመጣ ሒሳብ የሚቀበልበት ወንጌል የሚነበብበት ሰንበት። ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። (አስተማሪ ምንጊዜም አስተማሪ ነው። አጋጣሚውን እሳቸው ያዘጋጁት ነው የሚመስለው።)

ደብዳቤው አዲስ አበባ በሰው እጅ ደረሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። «መልስ አለ» አሉኝ። ልቤ ዘለለ። «ምን አሉ?»

«ደርሷል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ደርሷል።»

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ፣ ውጤቱ ወጣ። ዐቢይ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2። ደመቀ ከውድድሩ ራሳቸውን አግልለዋል። እኛ ቤት መጀመሪያ የተሰማው የአጎቴ ድምፅ ነበር፤ «እንግዲህ ራሱ ከተወው እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። እኔ በደስታ እየዘለልኩም ቢሆን ደምሬው ነበር፦ 169። ከ180 አሥራ አንድ ይጎድላል። ከብአዴን 45ቱ ማን ለማን እንደሰጠ ግን የሚደመር አልነበረም፤ ድምፁ ምስጢር ነው። የእኔ ደብዳቤ የደረሰው ሰው 108ቱ ውስጥ ይኑር፣ 59ኙ ውስጥ ይኑር ወይ ካልመጡት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያቺ 91ኛዋ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አላስፈለገችም።

መጋቢት 24 ፓርላማ ውስጥ ቃለ መሐላው ሲፈጸም አለቀስኩ። ይሄንንም አልደብቅም።

በኋላ ላይ አንድ ነገር ገርሞኝ ቀረ። ኃይለማርያም ልልቀቅ ባሉበት በዚያው ቀን፣ የካቲት 8፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲሪል ራማፎሳ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። እሳቸውም ወንበሩን ያገኙት በፓርቲ ጉባኤተኛ ድምፅ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጆሃንስበርግ አጠገብ ናስሬክ በተደረገው የኤኤንሲ ጉባኤ 2,440 ለ2,261 ንኮሳዛና ድላሚኒ-ዙማን በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ልዩነቱ ምንድን ነው መሰላችሁ? እዚያ ጉባኤው ሳይከፈት በፊት የየሰፈሩ ቅርንጫፍ ተሰብስቦ «እኛ የምንጠቁመው እገሌን ነው» ይላል፤ ጉባኤተኛው ያንን ይዞ ነው የሚሄደው። ውስጥ ገብቶ በምስጢር ሌላ ሰው ሊመርጥ ይችላል፤ ሐሜቱም ገንዘቡም ብዙ ነው፤ ገነት አይደለም። ግን ቢያንስ የላከው ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል። አያቴ ቢሰማው ይገባው ነበር። አሜሪካኖቹም በ2016 እ.ኤ.አ. ሱፐር ዴሌጌት የሚሏቸውን፣ ማንም ሳያስራቸው ድምፅ የሚሰጡ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰዎች እየደወሉና እየጻፉ ሲለምኗቸው ከረሙ። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀየርንበት ዓመት ክረምት ላይ ፓርቲው ደንቡን ለውጦ እነዚያ ሰዎች ፉክክር ባለበት ጉባኤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ድምፅ እንዳይሰጡ አደረገ። እነሱ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ደንብ አስቀየሩ። እኛ ለመንን፣ ተደሰትን፣ ተኛን።

ስንነቃ የሚፎካከር ሰው አልነበረም። መስከረም 2011 ሐዋሳ ላይ ኢሕአዴግ ሊቀመንበሩን እንደገና ሲመርጥ ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ስለ 176ቱ ሲያወራ እኔ ግን የምጨነቀው ለዚያ ለአንዱ ነበር፤ ማን ይሆን፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ። በ2012 ደግሞ ግንባሩ ራሱ ቀረ፤ ሕወሓት ሳይገባበት ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ። 45 ለ45 የሚባለው ሒሳብ አበቃ። እንደዚያ 180 ሰው ተሰብስቦ፣ አገር ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ «ማን ያሸንፍ ይሆን?» ብሎ የጠበቀበት ሌሊት ከዚያ በኋላ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጥቅምት 2013ን፣ ሐምሌ 2015ን። የኛ አካባቢ ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት አዲስ አበባ ሆኜ ወደ ቢቸና ስልክ ስሞክር አንዳንዴ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም ነበር። ያ ሞጣ የወሰደኝ መንገድ ለስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በእነዚያ ወራት ውስጥ አንድ ምሽት ጋሼን አገኘኋቸው። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ከዚያ አላስቻለኝም፦ «ጋሼ፣ ያኔ ያንን ደብዳቤ ባልጽፈው ይሻል ነበር?»

ቆዩ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«መጻፉን ትጽፊዋለሽ» አሉኝ። «እንኳን አንቺ እኔም ያኔ ብጠየቅ እሱኑ ነበር የምለው። ግን ያቺ የኔ መስመር ከላይ መሆን ነበረባት። ከስምሽ ሥር ስትሆን ሰው አያያትም።»

ደመቀ ቢሆኑ ይሻል ነበር ወይ የሚለው የአጎቴ ጥያቄ ነው፤ አልመልሰውም፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ሰሞን እነዚያ 45 ሰዎች ይፈሩን ነበር። ከዚያ በፊት ፈርተውን አያውቁም፤ ስልካቸው አላርፍ ብሎ፣ ስማቸው በየፌስቡኩ እየተጠራ፣ ዘመድ እየተላከባቸው ነበር። የፈለግነውን ልናስራቸው የምንችልበት ሳምንት ቢኖር ያ ሳምንት ነው፤ «የመሬቱ ነገር እንዲህ ይሁን፣ የታሰሩት እንዲህ ይሁኑ፣ ቀጣዩ ሊቀመንበር በእናንተ ብቻ ሳይሆን በየወረዳው አባል ይመረጥ፣ ከዚያ መጥታችሁ ንገሩን» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን በዚያ ሳምንት የጠየቅኩት አንድ ስም ነው። አራት ገጽ ሙሉ።

የደብዳቤው ረቂቅ አሁንም አለ፤ 45 በ4 ያባዛሁበት ደብተር ውስጥ ነው። በፊት ገጹ የዘጠነኛ ክፍል የአልጀብራ ጥያቄዎች አሉ።

አጎቴ በኋላ ሁሉንም ሰማ፤ ለቅሶ ብዬ ማምለጤን ጭምር። አልተቆጣኝም፣ ይልቅ ቀልድ አደረገው። ስልክ በገባ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ያ የጻፍሽለት ሰው መጣ?»

«አልመጣም» እለዋለሁ።

«እኛም ጋ አልመጣም» ይለኛል። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን።